ክረምት ነው ብላችሁ አትተኙ… ሐይቅ ዳር ወክ አድርጉ!

ሐምሌ ሲገባ የከተማ ልጅ ሥራው ሁለት ነው። መተኛትና ማማረር። «ምን ዓይነት ዝናብ ነው!»፣ «ጫማዬ አለቀልኝ!»፣ «ታክሲ የለም!»፣ «መብራት ጠፋ!»… ከዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ስልክ መጎርጎር ነው። እሱም ሲደብር ካፌ ሄዶ አንዷን ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥ። መስከረም ሲጠባ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍከው?» ብትሉት መልሱ «እንጃ፣ ዝም ብሎ አለፈ» ነው። የዓመቱ ሩብ እኮ ነው ጎበዝ! እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀላል ደስታ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሐኪምም ሆነ የንስሐ አባት አይቃወመውም፣ ሽማግሌም ኮረዳም እኩል ይችለዋል። የሐይቅ ዳር ወክ! በበጋ ግን አይደለም። በክረምት፣ ጃኬት ተደርቦ፣ ዣንጥላ ተይዞ፣ ጭቃ የማይፈራ ጫማ ተጫምቶ።

«በክረምት ሐይቅ ዳር? ጤና የለህም እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እስቲ መጀመሪያ ስሙኝ።

ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን

በፊልም ሳታዩት አትቀሩም። ፈረንጆቹ በብርዱ ወራት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ሰው በሌለበት የባሕር ዳርቻ ሁለት ሁለት ሆነው በቀስታ ይራመዳሉ። የሚዋኝ የለም፣ ፀሐይ የሚሞቅ የለም። ልጅ ሆኜ «ምን አሳይቷቸው ነው በዚህ ብርድ ከቤት የወጡት?» እል ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል። ሰው ውሃ ዳር የሚሄደው ለመዋኘት ብቻ አይደለም። ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሲኖርም ይሄዳል።

እኛ ባሕር የለንም። ሐይቅ ግን ተመስገን ነው። ጣና አለ፣ ዝዋይ አለ፣ ላንጋኖ አለ፣ ዓባያና ጫሞ አሉ፣ የቢሾፍቱዎቹም አሉ። እኔ ግን የማውቀውን ልናገር። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እንጀራ ፍለጋ ሐዋሳ ከገባሁ ዘንድሮ 5ኛ ክረምቴ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ ተኝቼ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ግን በሐይቁ ዳር ተመላልሼባቸዋለሁ።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ስፋት አለው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር ገደማ ነው። የተኛው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ በዓይን የሚታይ መውጫ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል። የሐዋሳ ግን ጨው አልሆነም። ባለሙያዎች ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ የሚወጣበት መንገድ ሳይኖረው አይቀርም ይላሉ። በውጭ መውጫ የለውም፣ በውስጥ ግን ይተነፍሳል! ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

የበጋው ሐይቅና የክረምቱ ሐይቅ

በጋ ላይ፣ በተለይ በበዓልና በቅዳሜና እሁድ፣ ሐይቅ ዳር ስትሄዱ ውሃውን ለማየት ሰው ማለፍ አለባችሁ። ከየአቅጣጫው የመጣ አውቶቡስ፣ ሙዚቃውን እስከ ጣሪያ የለቀቀ መኪና፣ «ጀልባ ነው! ጀልባ!» የሚል ልጅ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሚዜዎቹን አሰልፎ ቬሎ የሚያስጎትት ሙሽራ… ደስ ይላል፣ አልጠላሁም። ግን ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ቁም ነገር ልታወሩ ብትሞክሩ ሦስት ጊዜ ትቋረጣላችሁ።

ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ግርግር ይቀንሳል። ሰርጉ ያልቃል። ጀልባዎቹ ተገልብጠው ዳር ላይ ይተኛሉ። የፎቶ አንሺው ልጅ በረንዳ ጥግ ቁጭ ብሎ ዳማ ይጫወታል። ሐይቁም የራሱን ፊት ያሳያችኋል። ጠዋት ግራጫ ነው፣ ደመናው ሲገለጥ ሰማያዊ ይሆናል፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ደግሞ እንደ እርሳስ ይጠቁራል። በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ልብስ የሚቀይር ሐይቅ በበጋ አላየሁም።

ደግሞ የሐዋሳ ክረምት እንደ አዲስ አበባው ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ አይደለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናቡ ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳል። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ወረድ ብሎ ያባራል። ቀን ቀን ሙቀቱ 24 እና 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ካልሲ ደርባችሁ በምትተኙበት ሰሞን እዚህ በቀላል ሹራብ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ወኩን በጠዋት ወይም ዝናቡ ካባራ በኋላ ካደረጋችሁት ዣንጥላችሁ ብዙ ጊዜ ከዘራ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ጠዋት 1 ሰዓት፦ አሞራ ገደል

እኔ የምወደው መንገድ ከፍቅር ሐይቅ ይነሳል። ስሙ ራሱ ፍቅር ነው፣ ምን ትፈልጋላችሁ! ሐይቁ ሞልቶ ከተማው ውስጥ እንዳይገባ የተሠራ ግድብ አለ፤ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ወደ አሞራ ገደል ትሄዳላችሁ። በግራ ዛፉና ከተማው፣ በቀኝ ውሃው። ያለ ችኮላ፣ ቆም ቆም እያላችሁ ብትሄዱም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ከደረሳችሁ ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደሩት ዓሣ አስጋሪዎች ሲመለሱ ታገኛላችሁ። ከመረቡ ቆሮሶ ይለቀማል፣ ትልልቁ ባለ ጢም አምባዛ ይጎተታል። ልጆች ቢላዋ ይዘው ዓሣ ይልጣሉ፣ እጃቸው ከዓይናችሁ ይፈጥናል። ከአጠገባቸው ተራ የያዙ የሚመስሉት አባ ኮዳዎች ናቸው። አባ ኮዳ ማለት ያ መላጣ፣ ረጅም፣ ከአንገቱ ሥር ኮረጆ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው። ክንፉን አጥፎ ዝናብ ውስጥ ሲቆም፣ ሰፊ ኮት ለብሶ የጡረታ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። የዓሣ አንጀት ሲወረወር ግን ጡረታው ይቀራል!

ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ነጭ ካባዋን ለብሳ ቁልቁል ታያችኋለች። ጦጣዎቹ ደግሞ እጃችሁን ነው የሚያዩት። ሙዝ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ትነጠቃላችሁ። ሰማይ ላይ ያ ነጭ ራስ ያለው የዓሣ ንስር ሲጮህ ከሰማችሁት ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ትኩስ የዓሣ ሾርባ! በሁለት እጅ የተያዘ ሳህን፣ ሚጥሚጣ ነስነስ ያለበት፣ እንፋሎቱ መነጽር የሚያጨልም። ወይም ሙሉ ዓሣ ጥብስ በዳጣ። በበጋም ይሸጣል፣ እውነት ነው። ብርድ የነካው ሰው ብቻ የሚያውቀው ጣዕም ግን አለው። የፍልሰታ ሰሞን «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ይነሳል። እሱን ለራሳችሁና ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

«ግማሽ ግማሽ ነበር የምንበላው»

አሁን ከደስታው ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የዛሬ 2 ዓመት ጥር ላይ እናቴ አረፉ። አባቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ድሮም ብዙ አያወሩም። ከእናቴ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ። እህቶቼ ቢመላለሱም «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር የሚያወጡት ቃል አልነበረም። ሐምሌ ላይ «ለክረምቱ እኔ ጋ ይሁኑ» ብዬ ሐዋሳ አመጣኋቸው። እዚህም ያው ሆኑ። ራዲዮናቸውን ይከፍታሉ፣ ጋቢያቸውን ይለብሳሉ፣ መስኮት ያያሉ። ራት ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እሳቸው ሳህናቸውን ያያሉ፣ እኔ ሳህኔን አያለሁ።

አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ «አባባ፣ እስቲ እግርዎን እናፍታታ» አልኳቸው። «ጭቃ አይደለም እንዴ?» አሉ። ግን ከዘራቸውን አነሱ። የመጀመሪያው ቀን ቃል አልወጣቸውም። በሁለተኛው ቀን «ይሄ ወፍ ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። «አባ ኮዳ» ስላቸው «ስሙን ይመስላል» አሉና ፈገግ አሉ። ከጥር ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታ ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔ ሳልጠራቸው ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ጠበቁኝ።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። አንዲት ሴት ሸራ ወጥራ በከሰል በቆሎ ትጠብሳለች። «አባቴ፣ ጠጋ ይበሉ፣ አይመቱ» ብላ ቦታ ለቀቀችልን። ሁለት በቆሎ ገዛሁ። አባቴ የራሳቸውን ለሁለት ሰበሩት። ግማሹን በሉ። ግማሹን በቅጠሉ ጠቅልለው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ለማን ነው አባባ?» አልኳቸው።

ቶሎ አልመለሱም። ዝናቡ ውሃው ላይ ሲወርድ እያዩ ቆዩ። «ለምዶብኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እናትህ ጥርሷን ያማት ስለነበር አንድ ሙሉ አትጨርስም። ግማሽ ግማሽ ነበር የምንበላው።»

ከዚያ ቀጠሉ። እንዴት እንደተዋወቁ፣ መጀመሪያ የተከራዩት ቤት ጣሪያ እንዴት ያፈስ እንደነበር፣ ማታ ማታ በተራ ባልዲ ይደፉ እንደነበር… 30 ዓመት ያልሰማሁትን ታሪክ በአንድ ዝናብ ሰማሁ። መሃል ላይ እንደ ዋዛ «መድኃኒቱንም እሷ ነበረች የምትሰጠኝ» አሉ።

«የቱን መድኃኒት?»

«የግፊቱን ነዋ።»

«አሁንስ ማን ይሰጥዎታል?»

«አሁንማ… ከቀብሩ በኋላ ትቼዋለሁ።»

ከጥር እስከ ሐምሌ! የደም ግፊት በሽተኛ ስድስት ወር ያለ መድኃኒት! በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ለካ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ለካ። «በሰዓቱ ነው የመጣችሁት» አለን። መድኃኒታቸውን ጀመሩ። ዛሬ በጤና አሉ፤ ኪኒናቸውን ጠዋት ጠዋት ራዲዮ ሲከፍቱ ነው የሚውጡት።

በኋላ «ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ደህና ነዎት ወይ እያልኩ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። መልሳቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ሰው ፊቴን እያየ ሲጠይቀኝ ልቅሶ ይመጣብኛል። እዚያ አንተም የምታየው ውሃውን፣ እኔም የማየው ውሃውን።»

ጎን ለጎን የሚወራ ወሬ

እስቲ አስቡት። እኛ አገር ታላቅን ዓይን ዓይኑን እያዩ ማውራት ድፍረት ነው። ልጅ ሆነን «ዓይንህን ስበር» ተብለን ነው ያደግነው። እናትና አባታችንን ፊት ለፊት አስቀምጠን «ምን ይሰማዎታል?» ብንላቸው «ምን ሆነሃል?» ነው የሚሉን። ጎን ለጎን እየተራመዱ ግን ማንም ማንንም አያፈጥበትም። እግር ይሄዳል፣ ዓይን ሩቅ ያያል፣ አፍ ደግሞ ሳይታወቀው ይከፈታል። ዝም ብትሉም ዝምታው አያስጨንቅም፤ ውሃው ያወራላችኋል።

በበጋ ይሄ አይሆንም። ሰው ይበዛል፣ ሰላምታው ያቋርጣል። ክረምት ላይ ግን መንገዱ የእናንተ ነው። ዝናብ ቢመጣ እንኳ አንድ ዣንጥላ ሥር ያስገባችኋል፣ ወይ አንድ ሸራ ሥር። ትከሻ ለትከሻ ነክቶ የቆመ ሰው ደግሞ መዋሸት ይከብደዋል። ያ በውጭ መውጫ የለውም ያልኳችሁ ሐይቅ ትዝ አላችሁ? ሰውም እንደዚያው ነው። መውጫ የሌለው የሚመስለው ሁሉ በውስጥ በኩል መንገድ አለው፤ ጊዜና ቦታ ስጡት ብቻ።

ለፎንቃ ወዳጆች

«እኛስ? እኛ የመጣነው ለፍቅር ምክር ነው!» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እጮኛው አለችው። ሁለት ዓመት ካፌ ለካፌ ሲቀጣጠሩ ኖሩ። እሱ ስልኩን ይነካካል፣ እሷ የሌላ ጠረጴዛ ሰው ጫማ ታያለች። ሒሳብ ይከፈላል፣ ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት ሐይቅ ዳር ወክ ጀመሩ። ዝናብ ስላለ ስልኩ ኪስ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናቱ መጦር፣ ስለ እሷ ትምህርት… ሁለት ዓመት ያላነሱትን ሁሉ አነሱት። ተጣሉም! ግን እየተራመዱ ሲጣሉ በር ዘግቶ መሄድ የለም፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ዣንጥላውም አንድ ነው። አሁን ሽማግሌ ሊልክ ነው። «ምን ሰጠሃት?» ብዬ ስጠይቀው «የዣንጥላውን ትልቁን ግማሽ» አለኝ።

ስለዚህ ወንዶች፣ ስሙ! ዣንጥላውን ወደ እሷ አዘንብሉት። የእናንተ አንድ ትከሻ ይረጥባል፣ ይድረቅ ግድ የለም። ሴቶችም፣ ያ ትከሻ መርጠቡን አይታችሁ ዝም አትበሉ።

ፍቅረኛ ለሌላችሁ ደግሞ መልካም ዜና! ይህ ወክ ለአንድ ሰውም ይሆናል። እንደውም ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ሊሆን ይችላል። የሥራ ማመልከቻው መልስ ያልመጣለት፣ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ፣ ፍቅር ያከተመለት… ቤት ውስጥ ሲተኛ ጣሪያው ይወርድበታል። ሐይቅ ዳር አንድ ሰዓት የተራመደ ሰው ችግሩ አይፈታለትም፣ አልዋሻችሁም። ግን ችግሩ ልኩን ይይዛል። ከሐይቁ ማዶ ያሉት ተራሮች ላይ ደመና ሲወጣና ሲወርድ እያያችሁ «ይሄም ያልፋል» ማለት መኝታ ቤት ሆኖ ከማለት ይቀላል። ለጤናም ቢሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ይላል። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን እያሉ አምስት ቀን መራመድ ነው። ጂም መክፈል አያስፈልግም።

አመሻሹንም አትርሱ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ከውሃው ማዶ ነው። ዝናብ ያባራበት ቀን 12 ሰዓት ሊል ሲል ደመናው በታች በኩል ቀደድ ይላል፤ በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ብርቱካን ያደርገዋል። አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። በበጋ ደመና ስለሌለ ይህን አታገኙትም።

ከመውጣታችሁ በፊት

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ክረምትና ውሃ ቀልድ አያውቁም። እነዚህን ያዙ።

1. ጫማ። ነጭ ስኒከር ቤት ይቅር። ሶሉ የሚቆነጥጥ፣ ቢረጥብ የማታለቅሱለት ጫማ አድርጉ። መቀየሪያ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ።

2. ውሃው ውስጥ አትግቡ። «እግሬን ብቻ ልንከር» ማለት ቀርቶ! በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ። በውሃው ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ተባይ በቆዳ ነው የሚገባው። ሐይቅ በዓይን ነው የሚጠጣው።

3. ጉማሬ። አዎ፣ አለ። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። ሰው ከማይበዛበት ቦታና ቄጠማ ከበቀለበት አካባቢ ጨለማ ሳይመጣ ራቁ። የአካባቢውን ልጆች ጠይቁ፣ የት እንደሚወጣ ያውቃሉ።

4. ቢምቢ። ሐዋሳ ወባ አለ። በተለይ ዝናቡ ሲያበቃ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። ለአመሻሽ ወክ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ የቢምቢ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ «ብርድ መትቶኝ ነው» እያላችሁ አትተኙ፣ ተመርመሩ።

5. መብረቅ። ሰማዩ ማጉረምረም ከጀመረ ከውሃው ዳር ራቁ። ከትልቅ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። ቤት ወይም በረንዳ ፈልጉ።

6. ስልክና ቦርሳ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው በሚታይበት መንገድና በቀን ሂዱ። ሴት እህቶቼ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

7. ሐምሌ 19። የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ሐዋሳ በእንግዳ ትጨናነቃለች፣ አልጋም ይወደዳል። ለንግሡ ከመጣችሁ እሰየው። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ኑ።

ሐዋሳ ለሚርቃችሁ

«ለወክ ብዬ 275 ኪሎ ሜትር?» ለምትሉ የአዲስ አበባ ልጆች ቢሾፍቱ አለችላችሁ። ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ናት፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። የዚያ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀመጡ ዳራቸው ገደል ይበዛዋል፤ በዝናብ ያንሸራትታል፣ ተጠንቀቁ። ሆራ ጥሩ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁት ደግሞ ጣናን የመሰለ ነገር ደጃችሁ ላይ አለ። እናንተን መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሐዋሳ ለመምጣት የቆረጣችሁ ከቃሊቲ መናኸሪያ በጠዋት ተሳፈሩ። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ እያላችሁ ምሳ ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። መስኮት በኩል ተቀመጡ። በክረምት የስምጥ ሸለቆው መንገድ አረንጓዴ ነው፣ በበጋ የምታውቁት አቧራ የት እንደገባ አይታወቅም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ አትርሱ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ለብቻችሁ ከመጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ። ቤት ውስጥ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ የማይናገር አንድ ሰው አታጡም። አባት ይሁን፣ ታላቅ እህት ትሁን፣ ፈተና የወደቀ ታናሽ ወንድም ይሁን። ጥያቄ አታብዙበት። ዣንጥላ ያዙ፣ በቆሎ ግዙለት፣ ጎን ለጎን ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ዝም ቢል አትዘኑ፣ በነገታው ድገሙት። ክረምቱ ገና ነው፣ በቆሎውም እንደዚያው።

መልካም ወክ! ቸር ይግጠመን።